መስኮቱን ክፈቺ

ልጄ፣

ትናንት ወንድምሽ ደውሎ ነበር። «ደህና ናት» ብሎ ጀመረና ሳልጠይቀው ሁሉንም ዘረገፈው። ያቺን ትንሽ የሞዴል መኪና ስትሠራ 3 ሌሊት አልተኛችም አለኝ። ክፍልሽ ሲገባ ቲነርና ሙጫ ነው የሚሸተው። ራሴን አመመኝ ትያለሽ፣ መስኮቱን ግን አትከፍቺም፤ ቀለሙ ላይ አቧራ ያርፋል ብለሽ። የኔ እናት፣ መስኮቱን ክፈቺ። አቧራ ያረፈበት ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ እንደገና ይቀባል። ሳንባ እንደዛ አይደለም።

እኔ አልቆጣም። እናትሽ ተቆጥታ ጨርሳለች።

የመኪናዋንም ፎቶ ልኮልኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቆንጆ ናት። ከስንቱ መኪና የ1950ዎቹን ኦቢ ቫን፣ ከስቱዲዮ ውጭ ቴሌቪዥን የሚያስተላልፈውን መኪና፣ መምረጥሽ የማን ልጅ እንደሆንሽ ያስታውቃል። ኬብሉ ግን አይሆንም። የምትሠሪው በ1፡24፣ ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ አሳንሰሽ፣ ነው አይደል? 4 ሚሊሜትር ሽቦ በእውነተኛዋ መኪና ላይ ወደ 10 ሴንቲሜትር ይመጣል። ያ ኬብል ሳይሆን የውሃ ቧንቧ ነው! የካሜራ ኬብል ቢወፍር አውራ ጣት ቢያክል ነው። 1 ሚሊሜትር የማይሞላ ፈልጊ።

ሞኒተሮቹን ጥቁር አትቀቢያቸው። የዚያ ዘመን ስክሪን ጠፍቶ ሲታይ ግራጫ ነው፣ መስታወቱም ወደ ውጭ ያበጠ። ግራጫ ቀብተሽ ሲደርቅ አንድ ጠብታ ነጭ ኮላ ጣል አድርጊበት፤ ሌሊቱን ጠርቶ ጉብ ይላል። መስኮቶቿንም በኮላ እንጂ በሱፐር ግሉ እንዳትለጥፊ። የሱፐር ግሉ ትነት የጠራውን ፕላስቲክ ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ፕላስቲክ ላይ እንዲህ የሚሠራ ነገር አንቺን ምን እንደሚያደርግሽ አስቢው። ስፕሬዩን ውጭ ወጥተሽ ንፊ። መስኮቱን ክፈቺ።

ደግሞ በጎኗ ያለውን የአየር መውጫ ረስተሽዋል። ካሜራውም መቆጣጠሪያውም ያኔ በቫኩም ቲዩብ፣ አየር በሌለው አምፑል መሳይ መስታወት፣ ነበር የሚሠራው፣ ቲዩብ ደግሞ እንደ ምድጃ ነው የሚግለው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1937 የንጉሥ ጆርጅ 6ኛን የዘውድ ሰልፍ ከለንደን ሃይድ ፓርክ ኮርነር በ3 ካሜራ ሲያስተላልፍ... እሺ፣ «አባዬ ሰምቻለሁ» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ትቼዋለሁ።

6 ዓመት ሲሞላሽ ከካርቶን የሠራሁልሽን ኦቢ ቫን ታስታውሻለሽ። «ውስጡ ማን አለ?» አልሽኝ። «ዳይሬክተሩ፣ የድምፅ ሰውየው፣ ሁሉም አሉ» አልኩሽ። ማንም አልነበረም። ለልደትሽ ለማድረስ ቸኩዬ ባዶውን ጣሪያውን በሙጫ ደፍኜው ነበር። በማግስቱ ጣሪያውን በማንኪያ ስትገነጥይ ደረስኩብሽ። ያቺ እጀታዋ የተጣመመችው ማንኪያ፣ አሁንም መሳቢያው ውስጥ አለች። ጮኽኩብሽ። እጅሽንም መታሁሽ። «ሙቀት ነው፣ ይታፈናሉ ብዬ ነው» አልሽ እያለቀስሽ። ከዚያ ወደ ውስጥ አየሽና ዝም አልሽ።

በማንኪያዋ ስንት ዓመት ሳቅን። ዝም ስላልሽው ግን አንድም ቀን አላወራንም። ይቅርታም አልጠየቅኩሽም። ይኸው ስንት ዓመት ቆይቼ በደብዳቤ እጠይቅሻለሁ።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ ጣሪያው። እንዳትለጥፊው። 4ቱም ማዕዘን ላይ ትንንሽ ማግኔት ቅበሪበት፣ እየተነሳ ይግባ። ካሜራማኑ እዚያ ላይ ስለሚቆም ዙሪያውን የመደገፊያ ብረት አድርጊለት። ውስጥም ሰዎቹን አስቀምጪ። 1 ሜትር ከ70 የሚሆን ሰው በአንቺ ልኬት ቆሞ 7 ሴንቲሜትር ነው። ዳይሬክተሩን መጀመሪያ ሥሪው።

ዛሬ ማታ ተኚ። አፍጥጠሽ ስላየሽው ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ራስ ምታቱ እስከ ነገ ካልለቀቀሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ «ቀላል ነው» የምትለውን ቃል አልሰማም።

እሁድ እደውላለሁ። ስታነሺ መስኮቱ አጠገብ ሁኚ። የመንገዱ ጥሩምባ በስልኩ ካልተሰማኝ ተከፍቷል ብትዪኝም አላምንሽም።

አባትሽ