ማጀቴን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የደሴንና የኮምቦልቻን ግንባታም ይመለከታል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በ2017 ዓ.ም. በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች በተከታታይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ብዙ ሺህ ነዋሪዎችን ከቀያቸው ካፈናቀለ ወዲህ፣ ጋዜጣችሁን ጨምሮ መገናኛ ብዙኃን ስለ ስምጥ ሸለቆው በሰፊው ዘግበዋል። የወሎ ስም ግን በእነዚህ ዘገባዎች እምብዛም ሲነሣ አላነበብሁም። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ሰሞኑን ከደሴ በማለዳ ተነሥቼ በኮምቦልቻ፣ በሐርቡና በከሚሴ በኩል ካራቆሬና ማጀቴ ደርሼ ስመለስ ያየሁት ነገር ዝም ስላላሰኘኝ ነው።

ካራቆሬና ማጀቴ ዛሬ በሰሜን ሸዋ ሥር ቢሆኑም ከወሎ የሚለያያቸው የአስተዳደር ወሰን እንጂ መሬቱ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የግንቦት ወር ማብቂያ ላይ መጠኑ 6.5 ገደማ የነበረ መንቀጥቀጥ ማጀቴን ፈጽሞ አፈረሳት፤ በካራቆሬ ከቤቶቹ ግማሽ የሚጠጉት ወደቁ፤ 5 ሺህ ያህል ሰው መጠለያ አጣ። ከካራቆሬ በስተሰሜን ያለው ዋና መንገድም በናዳና በመሬት መሰንጠቅ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ተጎዳ። እኔን ያሳፈረኝ ሾፌር በዚህ መንገድ ሲመላለስ የኖረ ሰው ሆኖ ሳለ ይህን ሰምቶ አያውቅም፤ አልፈረድሁበትም፣ ለመንገደኛ የሚነግር አንዲት ሰሌዳ እንኳ አላየሁምና።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። የአፋር ዝቅተኛ ምድር በዝግታ እየተለጠጠ በመሄዱ የደጋው ጠርዝ ተሰነጣጥቆ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ይሰጥማል፤ የቦርከና ሸለቆ ራሱ እንዲህ የሰጠመ መሬት ነው፤ ደሴም ሆነች ኮምቦልቻ የተቆረቆሩት በዚሁ ጠርዝ ላይ ነው። ከካራቆሬው አደጋ ስምንት ዓመት ያህል ቆይቶ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመንቀጥቀጥ የወደመችው፣ ዛሬ በአፋር ክልል ያለችው ሰርዶም በጊዜው የወሎ ጠቅላይ ግዛት አካል ነበረች።

ማጀቴ ተመልሳ ቆማለች። በልጅነታቸው አደጋውን ያዩ አንዲት እናት እንደነገሩኝ፣ ከዋናው መንቀጥቀጥ አስቀድሞ ምድር ደጋግማ ስለተንቀሳቀሰች ሰው ፈርቶ ደጅ ያድር ነበር፤ “ቤቱ ሲናድ ባዶውን ነበር፤ እኛስ አላህ አተረፈን” አሉኝ። ቤታቸው ባሕር ዛፍ ተማግሮ፣ በጭድና በጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ቀላል በመሆኑና እንጨቱም ስለሚለመጥ፣ ሲናወጥ ምርጊቱ ቢረግፍም በሰው ላይ ባንዴ አይደረመስም። ጎረቤታቸው ያለው፣ ድንጋይ በጭቃ ብቻ ተያይዞ የተካበው ግንብ ግን ማዕዘኑ ላይ አሁንም ተላቋል፤ ክፍተቱ እጅ ያስገባል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ሲሚንቶው ነው። በጉዞው ካየኋቸው ጅምር ፎቆች በአንዱ፣ የቆመውን የኮለን (የምሰሶ) ፌሮ ብረት ቀርቤ ተመለከትሁ፤ ቋሚዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያቅፉት ቀለበቶች፣ ስታፋዎቹ፣ ከመሠረት እስከ ላይ በእኩል ርቀት፣ ያውም ተራርቀው ታስረዋል፤ ጫፋቸውም ወደ ውስጥ በሚገባ አልታጠፈም። መንቀጥቀጥ ኮለንን አብዝቶ የሚሰብረው ከቢም (ከአግዳሚው ተሸካሚ) ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ስለሆነ ስታፋው እዚያ መጠቅጠቅ ነበረበት። ምድር ቤቱ ደግሞ ለሱቅ ተብሎ ያለ ግድግዳ ክፍት የተተወ ሲሆን ከላይ ያሉት ወለሎች በብሎኬት ተሞልተዋል፤ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከሙት እነዚያው ቀጫጭን ኮለኖች ናቸው።

የሀገራችን የሕንፃ ዲዛይን ደንብ ይህን የደጋ ጠርዝ ከፍተኛ የመንቀጥቀጥ ሥጋት ካለባቸው ቀጠናዎች መድቦታል። ስለዚህ የጎደለን ደንብ ነው ብዬ አላምንም፤ ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ ፌሮው ሲታሰር ቦታው ላይ ተገኝቶ የሚያይ ዓይን ነው። የወሎ ከተሞች የግንባታ ፈቃድ ክፍሎች ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የእያንዳንዱን ፎቅ ብረት ሳያዩ ሥራው እንዳይቀጥል እንዲያደርጉ፣ ከሁሉ አስቀድሞም የድንጋይና የብሎኬት ትምህርት ቤቶችን እንዲፈትሹ እጠይቃለሁ። ጋዜጣችሁም በዚህ ረገድ ምን እየተሠራ እንደሆነ ከየከተማው ኃላፊዎች ጠይቆ ለአንባቢ ቢያቀርብልን መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ