ሽቦውን ፍቱት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ? ባለፈው ሰሞን በስፖርት ገጻችሁ ላይ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ኮረኮንች መንገድ ማውንቴን ብስክሌት የሚነዱ የሁለት ወጣቶች ፎቶ አውጥታችሁ ነበር። ቀን ሥራ ውለው ማታ ማታ ነው የሚለማመዱት ብላችኋል። ጎበዞች ናቸው፣ እሰየው። ከፎቶው ሥር ግን ሄልሜታቸው ላይ ባትሪ በሽቦ ማሰራቸውን እንደ ፈጠራ አሞግሳችሁ ጻፋችሁ። የቡናዬን ስኒ አስቀምጬ ጋዜጣውን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጌ አየሁት። እውነትም ሽቦ ነው፤ ያውም በፒንሳ የተጠመዘዘ የአጥር ሽቦ። ሳላስበው እጄ ወደ አንገቴ ሄደ።

እኔ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው በባሶና ወራና ወረዳ ውስጥ የምሠራ የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ነኝ። ላም ቀን መርጣ አትወልድም፤ እኔን የሚጠሩኝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው። ሞተር የለኝም፤ ያለችኝ አንዲት ማውንቴን ብስክሌት ናት። ስልክ ሲጮህ የመድኃኒት ቦርሳዬን አዝዬ እወጣለሁ። ስለዚህ መብራት ሁለት ቦታ ያስፈልገኛል፤ አንድም መንገድ ላይ፣ አንድም በረት ውስጥ፣ ሁለት እጄ ላሟ ውስጥ ሆኖ ሳለ። «ባትሪ ያዝልኝ» የተባለ ሰው ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ፤ የጥጃው እግር ብቅ ሲል እሱ «እልል» ይላል፣ ባትሪው ጣራውን ያበራል። ራስ ላይ የተቀመጠ መብራት ግን ዓይን በዞረበት ይዞራል።

መንገድ ላይም ጥቅሙ ይኸው ነው። መሪ ላይ ያለ መብራት የፊት ጎማው የሚያየውን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ጠመዝማዛ ላይ ሰው ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲል እሱ ገና ገደሉን ያበራል። ጅብም አለ። ብርሃኑ ከዓይን አጠገብ ሲነሳ የአውሬው ዓይን መልሶ የሚልከው ወደዚያው ወደ ባለ መብራቱ ስለሆነ፣ ሁለቱ ፍሞች ከሩቅ ይታያሉ። እኔ በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ ፍሬን እንደያዝኩ አልቆጠርኩም። የራስ መብራት ብቻውን ግን ያታልላል። ከዓይን ጋር አንድ ላይ ስለሚያይ ለድንጋዩ ጥላ አያወጣለትም፤ ጉድጓዱ ሜዳ ይመስላል። ጥላ የሚሠራው ዝቅ ብሎ መሪው ላይ ያለው ነው። ወደ ጉዶ በረትና ጣርማበር ጉም የወረደ ለት ደግሞ የራስ መብራቱን ማጥፋት ነው፤ አለዚያ ነጭ ግድግዳ ፊት እንደ መቆም ነው።

ወደ ሽቦው ልመለስ። እኔ ራሴ ከሽቦው በፊት በማስቲሽ ነበር የጀመርኩት። ጫማ ሰፊው ጎረቤቴ «ሶል የያዘ ማስቲሽ ባትሪ ያቅተዋል እንዴ?» አለኝ፤ አሳመነኝ። ማስቲሹ በአየር ማስገቢያዎቹ ጠርዝ ወደ ውስጥ ወረደና ነጩን ፎም እንደ ስኳር አሟሟው። ይህ ፎም ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ነጭ ነገር ጋር አንድ ዘር ነው፤ ቤንዚንም ቀለም ማቅጠኛም ይበላዋል። በማግሥቱ ጣቴን ብሰድ አውራ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ አገኘሁ። ሰው ሄልሜት ሲገዛ ላይኛውን የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ እያንኳኳ ነው የሚገዛው፤ ራስን የሚያድነው ግን ይኸው ነጩ ነው። ሲመታ እየተጨፈለቀ ምቱን ይውጣል፤ አንዴ ከተጨፈለቀ ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም።

ያኔውኑ መጣል ነበረብኝ። አልጣልኩም፤ ደመወዝ ሩቅ ነበር። ይልቁንም አራት ድንጋይ የሚጎርስ ባትሪዬን በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት። እንዳይነቃነቅ ብዬ በፒንሳ ሦስቴ አጠበቅኩት፤ በእውነትም አልተነቃነቀም።

ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል። በአንኮበር መንገድ በኩል አንዲት ጊደር አዋልጄ ስመለስ (ጠላ ቀርቦልኝ አንድ ጣሳ ብቻ ነው የቀመስኩት፣ ይህን ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ) መንገድ ላሳጥር ብዬ በባሕር ዛፉ መሐል ብስክሌቷን ቁልቁል ለቀቅኳት። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ መጣና ጎንበስ አልኩ። ራሴ አለፈ፤ ራሴ ላይ የቆመው ባትሪ አላለፈም። ሽቦው አልተበጠሰም፣ ቅርንጫፉም አልተሰበረም። ብስክሌቷ ሄደች፣ እኔ ቀረሁ። የአገጩ ማሰሪያ ጉሮሮዬን አንቆ ወደ ኋላ ዘረጋኝ። ስነሳ ከጆሮዬ በላይ የሚሞቅ ነገር ይወርዳል፤ የተጠመዘዘው የሽቦ ጫፍ ማስቲሹ በበላው ጉድጓድ አልፎ ቆዳዬን ጭሮታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ሲጠራኝ ከወገቤ ነበር የምዞረው። «ሰውዬው ደግሞ ኮራ» አሉኝ።

ጥጃ የሚያስር ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል፤ እንዳይሄድ እንጂ እንዳይታነቅ አድርጎ ነው የሚያስረው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ገበሬውን በሸምቀቆ አትሰሩ እያልኩ ስመክር ኖሬ የራሴን ራስ በሸምቀቆ አሰርኩት። ሄልሜት ላይ ያለ መብራት መንገዱ ሲያንገጫግጨው ጸንቶ መቆየት አለበት፤ አንድ ነገር ከያዘው ግን እሱ ወድቆ ራስን መልቀቅ አለበት። ሽቦ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያውቀው። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ጥርስ ያለው የፕላስቲክ ማሰሪያም ከሽቦ አይሻልም። ሄልሜቱን በስተው በብሎን ያሰሩም አይቻለሁ፤ ስለ እነሱ ምንም አልልም።

አሁን መብራቱን አዲሱ ሄልሜቴ ላይ የማስረው በቬልክሮ ነው፤ ያ ሲላቀቅ ጭርር የሚለው የልጆች ጫማ ማሰሪያ። የእኔ የተቆረጠው እናቴ ለወገቧ ገዝታ ከተወችው ቀበቶ ላይ ነው (ጋዜጣ ስለማታነብ ነው የምጽፈው)። ሁለት ጣት የሚሰፋ ቁራጭ ነው። ከፊት ባለው አንዱ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አስገብቼ፣ ቀዳዳዎቹን በሚለየው የሄልሜቱ አጥንት ሥር አሳልፌ፣ በወዲያኛው ቀዳዳ አወጣዋለሁ፤ ለስላሳው ፊት ወደ ራስ ቅሌ ነው። ከባትሪው በታች ከአሮጌ ከመነዳሪ የቆረጥኩትን የክብሪት ሳጥን የሚያህል ጎማ አነጥፋለሁ። ፕላስቲክ በፕላስቲክ ላይ ይንሸራተታል፤ ጎማ ግን ይነክሳል። የመብራቱ መረጋጋት ግማሹ ከዚህች ጎማ ነው፤ ያለ እሷ ማሰሪያውን የቱንም ያህል ብስበው ኮረኮንቹ ላይ አፍንጫውን ይደፋብኝ ነበር። ከዚያ ማሰሪያውን ስቤ ጫፉን በጫፉ ላይ ሦስት ጣት ያህል አደራርባለሁ። ሁለት ጣት ስሞክር ንዝረቱ ከፈተው፤ ዙሪያውን ሁለቴ ስጠመጥመው ደግሞ በእጄም አልላቀቅ አለ።

ከመውጣቴ በፊት ሄልሜቱን በመብራቱ ይዤ አራግፈዋለሁ፤ አብሮ መወዛወዝ አለበት። ቀጥሎ መብራቱን ከፊት ወደ ኋላ በአንድ እጄ መንጨቅ ነው፤ ጭርር ብሎ ካልወጣ እንደገና አስራለሁ። ወድቆ እንዳይጠፋብኝ በአንዲት የልብስ መስፊያ ክር አንጠለጥለዋለሁ፤ ከዚያ የወፈረ ገመድ ያው ሸምቀቆ ነው። የሚቀመጠውም መሐል ላይ፣ ከግንባር ከፍ ብሎ ነው፤ ጫፉ ላይ ከሆነ ክብደቱ ሄልሜቱን ዓይን ላይ ይጥለዋል። የደብረ ብርሃን ብርድ አስገድዶን ከሥር የምንደርበው የሱፍ ቆብም ስስ ካልሆነ ሄልሜቱ ላዩ ላይ ይዋልላል።

አራት ድንጋይ የሚጎርሰውን ትቼዋለሁ። የዛሬው ፊቱ ብቻ ነው ራሴ ላይ ያለው፤ በቅመም ሚዛን 130 ግራም መዝኜዋለሁ። የሚሞላው ባትሪ በኤሌክትሪክ ሽቦ ወርዶ ጃኬቴ ውስጥ ደረቴ ላይ ነው የሚተኛው፤ የሊትየም ባትሪ በውርጭ ቶሎ ይደክማል፣ ደረቴ ደግሞ ይሞቃል። ሽቦው መሐል ላይ ሲጎተት የሚለያይ መጋጠሚያ አለው፤ ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብለው ለከተማችን ለደብረ ብርሃን ስሙን አወጡላት ይባላል፤ እኛ መብራት ሲመጣ ጠብቀን ነው ባትሪ የምንሞላው።

ለልጆቹ አንድ ነገር ልጨምር። አስፋልት ላይ ከደሴ በኩል የሚመጣ ከባድ መኪና ሲያጋጥማችሁ ጭንቅላታችሁን ወደ ቀኝ ዞር አድርጋችሁ እለፉ፤ ሾፌሩን ዓይን ዓይኑን ካበራችሁበት የሚጠፋው መንገድ የእናንተ ነው።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹም አንድ ጥያቄ አለኝ። ያንን ፎቶ በሚቀጥለው እትም አርሙት፤ ሌላ ልጅ አይቶት ፒንሳ ፍለጋ ሳይነሳ። ሁለቱን ወጣቶች ካገኛችኋቸው ደግሞ ወደ እኔ ላኩልኝ። ከእናቴ ቀበቶ አንድ ክንድ ያህል ተርፎኛል፤ ለሁለት ሄልሜት ይበቃል። ከመነዳሪውንም እኔው እቆርጥላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን፣ ከባሶና ወራና
(ስሜ ይቆይልኝ፤ ስለ ቀበቶው)