ከአራብሳ ሆነን የኒውዮርክን ከንቲባ ስንመርጥ፦ የዜግነት ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ

አዲስ አበባ አራብሳ ባለው ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ ክበባችን 27 አባላት ነበሩት። አምና 15 እንኳን አይሞሉም ነበር። በእኔ ቅስቀሳ የበዙ እንዳይመስላችሁ። ጥቅምት መግቢያ ላይ የሚኒ ሚዲያ ልጆች በእረፍት ሰዓት «የኒውዮርክ ከንቲባ ማን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ በማይክ ለቀቁ። በቀጣዩ ዓርብ ክፍሉ ጢም አለ።

«ኒውዮርክ ምን አገናኛችሁ?» ያሉኝ ባልደረቦች አሉ። ዘንድሮ የእኛም ሀገር የምርጫ ዝግጅት ያለበት ዓመት ነው። ግቢ ውስጥ ደግሞ የፓርቲ ነገር አይነሳም። ልጆቹ ግን ስለ ምርጫ ማውራት አማራቸው። ስለዚህ ሩቅ ያለውን ወሰድን። ሩቅ ሆኖ አለመቅረቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እመጣበታለሁ።

ላልተከታተላችሁ ባጭሩ። ኒውዮርክ 8 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ አላት። ከተማዋ በአምስት «ቦሮ» የተከፈለች ናት። ልጆቹ ወዲያው «ክፍለ ከተማ» አሏቸው፤ እኔም ተውኳቸው። ምርጫው ጥቅምት 25 ነበር። ከፊት ይመራ የነበረው ዴሞክራቱ ዞህራን ማምዳኒ ያኔ የ34 ዓመት ወጣት ነበር። ዋና ተፎካካሪው፣ በግል የቀረበው አንድሪው ኩሞ፣ የቀድሞ የኒውዮርክ ግዛት ገዥ ነው። ሦስተኛው ሪፐብሊካኑ ከርቲስ ስሊዋ ነው። በሥልጣን ላይ የነበረው ከንቲባ ኤሪክ አዳምስ መስከረም ላይ ራሱን አገለለ፤ ስሙ ግን ከወረቀቱ አልወጣም።

ማምዳኒ የተወለደው ካምፓላ ነው። ይህን የሰማች አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ «ጎረቤታችን ነዋ!» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቋሚ ደጋፊው ሆነች። ኡጋንዳ ከእኛ ጋር እንደማትዋሰን ካርታ አምጥቼ ባሳያትም አልተመለሰችም።

የዓመቱ የመጀመሪያ ስህተት የእኔ ነው። የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ምስል ከስልኬ አውጥቼ ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ስል የማምዳኒን ስም ሁለት ቦታ አየሁት። የኅትመት ስህተት መሰለኝና አንዱን በእስክሪብቶ ሰረዝኩት። ወረቀቱን ሳድል አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እሱኮ ትክክል ነው። በሁለት ፓርቲ ነው የቀረበው።» እውነቱን ነው። እዚያ አንድ ዕጩ በሁለት ፓርቲ መስመር መቅረብ ይችላል፤ ድምፁ ይደመርለታል። ስሊዋም ሁለት ቦታ ነበር፤ አንደኛው መስመሩ «እንስሳትን ጠብቁ» የሚል ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሃያ ሰባት ኮፒ ባከነ፤ ሒሳቡም ከእኔ ኪስ።

የክበቡ ትልቁ ሥራ የመራጭ ካርዶቹ ናቸው። ልጆቹ 24 ካርድ አዘጋጁ። እያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ የኒውዮርክ መራጭ አለ። የት ይኖራል፣ ምን ይሠራል፣ ቤቱ የኪራይ ነው ወይስ የራሱ። ሁሉንም ከዜና ካነበቡት ተነሥተው ራሳቸው የፈጠሯቸው ናቸው። ካርዱን ይዘው ቤት ይሄዳሉ። ለእናት፣ ለአባት ወይም ለጎረቤት ያነባሉ። «አንተ ይህ ሰው ብትሆን ምን ትል ነበር?» ብለው መልሱን ጽፈው ይመጣሉ። አንድ ሕግ ብቻ አወጣን፦ «ማንን ትመርጣለህ?» ብሎ መጀመር ክልክል ነው። መጀመሪያ «ምን ያስጨንቅሃል?» ይባላል።

እዚህ ላይ ነው ኒውዮርክ አራብሳ የገባችው።

የማምዳኒ ዋናው ቃል የቤት ኪራይ ጭማሪ ማስቆም ነው። ቃሉ ሁሉንም ቤት አይመለከትም። ጭማሪያቸውን ቦርድ የሚወስንላቸው ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ አፓርታማዎች አሉ፤ እነሱን ብቻ ነው። ዘጠኙን የቦርድ አባላት የሚሾመው ከንቲባው ነው። ቦርዱ ከዚህ በፊትም ጭማሪውን ዜሮ ያደረገባቸው ዓመታት አሉ። ይህን ካርድ የወሰዱት ሁለት ልጆች አንድ ብሎክ ላይ የሚኖሩ ናቸው። የአንዱ ቤተሰብ ተከራይ ነው። የሌላዋ እናት ደግሞ ዕጣ የወጣላቸውን ቤት አከራይተው እነሱ ዘመድ ጋ ተጠግተዋል፤ የባንኩን ዕዳ የሚከፍሉት በኪራዩ ነው። ተከራዩ አባት «ይሄ ሰው እዚህ ቢመጣ እኔ ራሴ እሸከመዋለሁ» አሉ። አከራይዋ እናት ደግሞ «ኪራዩን ሲያቆም የሲሚንቶውንም ዋጋ ያቁምልኝ፤ ወለዱንም ጨምሮ» አሉ። ልጆቹ ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ለጥፈው ሲያነቡ ክፍሉ ጸጥ አለ። ኒውዮርክ ያሉ የትናንሽ ቤቶች ባለቤቶች የሚያነሱት ቅሬታም ከሴትየዋ ቃል ብዙም አይርቅም። የእኛንም ሕግ አምጥተን አየነው። አዋጅ 1320/2016 የኪራይ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን ያዛል፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ። ከልጆቹ ግማሹ ሕጉ መኖሩን የሰሙት ያን ቀን ነው።

ነጻ አውቶቡስ የሚለውን ቃል ሳስተዋውቅ ጭብጨባ ነበር። ጠዋት ከአራብሳ መገናኛ ለመድረስ የሚሰለፍ ቤተሰብ ያለው ልጅ ምን ያድርግ? ካርዱ ከብሎካችን ሥር ጀበና ቡና የሚያፈሉ እማማ ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ሳቁ። «ነጻ ሲሆን ሰልፉ ይረዝማል እንጂ አውቶቡሱ አይበዛም» አሉ። ልጆቹ ቅር አላቸው። ግን የኒውዮርክ ተቃዋሚዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ አላቸው፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ያኔ ታሪፉ 2 ዶላር ከ90 ሳንቲም ነበር። ዋናው ጉድ ደግሞ አውቶቡሶቹ በከንቲባው እጅ አለመሆናቸው ነው። የሚያስተዳድራቸው የግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው። ከዓመት ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚያገኙ ላይ ተጨማሪ ግብር ልጣል ቢልም የግዛቱ ምክር ቤት ካልፈቀደ አይችልም። «ታዲያ ለምን ቃል ይገባል?» አለች የ9ኛ ክፍል ልጅ። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፍነው፤ ለአንድ ወር ሳይጠፋ ቆየ።

የታክሲው ካርድ የአንዷ አባት ዘንድ ሄደ። ሚኒባስ ሹፌር ናቸው። ኒውዮርክ ውስጥ የቢጫ ታክሲ ፈቃድ «ሜዳልያን» ይባላል። በአንድ ወቅት ዋጋው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አልፎ ነበር። በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ሲመጡ ወደቀ። በብድር የገዙት ሹፌሮች ዕዳ ውስጥ ተዘፈቁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሹፌሮቹ የረኀብ አድማ ሲመቱ ማምዳኒ አብሯቸው 15 ቀን ጾመ። አባትየው ይህን ሲሰሙ «ፖለቲከኛ ጾመልኝ?» ብለው ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ «ፖሊሲውን አላውቅም፤ ድምፄን ግን ይውሰድ» አሉ። እኔ ይህን መልስ እንደ ማስረጃ ደካማ ነው ብዬ አርሜዋለሁ። እንደ መራጭ ግን ገባኝ።

ሚዛን እንዳይጎድል በሌላ ወገን የቆሙ ካርዶችም ነበሩን። «ልምድ የለውም» የሚል ጡረተኛ፣ ግብር የሚያሰጋው ነጋዴ፣ በእስራኤልና ፍልስጤም ጉዳይ ያለው አቋም ያሳሰባት አይሁዳዊት እናት። እነዚህን ካርዶች የሚወስድ ጠፍቶ ዕጣ አወጣን። ዕጣው የደረሳቸው ልጆች የጻፉት ከሁሉም የተሻለ ነበር። ደስ ያላቸውን ካርድ የወሰዱት ገጽ ሙሉ ውዳሴ ነው ያመጡት።

ልጆቹ አንድ ጠዋት በር ላይ ቆመው የራሳቸውን የአስተያየት ጥናት ሠሩ። ማምዳኒ ጠራርጎ ወሰደው። ውጤቱ ሚኒ ሚዲያ ላይ ሊነበብ ሲል ያው ስህተቴን ያረመኝ ልጅ አስቆማቸው። «ኩሞን የሚመርጥ ሰው እኛ በር ላይ የለም እንጂ ከተማው ውስጥ የለም ማለት አይደለም።» ኒውዮርክም ውስጥ ወጣቱ በብዛት ወደ ማምዳኒ፣ ትልልቁ ይበልጥ ወደ ኩሞ ያደላ ነበር። እኛ የጠየቅነው አሥራ ስምንት ያልሞላውን ነው።

መሪ ነው የተባለ ሁሉ እንደማይደርስም አየን። በ2017 ዓ.ም. የካቲት አካባቢ ማምዳኒ በአንዳንድ ጥናቶች አንድ በመቶ ብቻ ነበረው። መሪው ኩሞ ነበር። ሰኔ 17 በዴሞክራቶቹ የውስጥ ምርጫ ማምዳኒ አሸነፈው፤ ኩሞ በግል የቀረበው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በ2013 ዓ.ም. በዚያው ፓርቲ የውስጥ ምርጫ የተወዳደረው አንድሪው ያንግ ለወራት ሲመራ ቆይቶ አራተኛ ወጣ። ያ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 15 ነው። አዲስ አበባ ድምፅ በሰጠች ማግስት ማለት ነው። ይህን የቀን መቁጠሪያ ገልብጣ ያገኘችው «የጎረቤታችን» ደጋፊ ናት።

የምርጫው ሌሊት ሰዓቱ አልገጠመም። ኒውዮርክ ጣቢያ የሚዘጋው በእኛ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ሮብ ጠዋት ልጆቹ ዓይናቸው ቀልቶ መጡ። የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር፤ የሒሳብ መምህሩን በይፋ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማምዳኒ ከ50 በመቶ ትንሽ ከፍ ብሎ አሸነፈ፤ ኩሞ 41 በመቶ ገደማ አገኘ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 ወዲህ ያልታየ ነው። ታኅሣሥ 23 ሥራ የጀመረው በተዘጋ የድሮ ባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ በእኩለ ሌሊት ምሎ ነው።

ኅዳር ላይ የክበቡን ሊቀ መንበር በዚያው በውስጥ ምርጫቸው ዘዴ መረጥን። ዕጩዎቹን በደረጃ ትጽፋለህ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ትንሽ ያገኘው ይወጣል፤ ድምፁ ወደ ቀጣዩ ምርጫው ይሄዳል። አራት ተወዳደሩ። የሚመራው አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እሱም ጭምር። በመጀመሪያው ቆጠራ 11 አገኘ። ተከታይዋ 8። ሌሎቹ 5 እና 3። ባለ 3ቱ ሲወጣ ሁለቱ ድምፅ ወደ እሷ ሄደ። ባለ 5ቷ ስትወጣ አራት ተጨመረላት። በመጨረሻ 14 ለ12 አሸነፈች፤ አንዱ ወረቀት ቀሪ ምርጫ ስላልተጻፈበት ከቆጠራው ወጣ። ልጁ ዝም ብሎ ወጣ። ሰኞ መጣና «ቲቸር፣ አንደኛ ሆኜ እንዴት ተሸነፍኩ?» አለኝ። ወረቀቶቹን አወጣሁና አብረን ቆጠርን። የወደዱት በጣም ይወዱታል። ያልመረጡት ግን ሁለተኛ አድርገው እንኳን አልጻፉትም። «ከእነሱ ጋር አውርተህ ታውቃለህ?» አልኩት። አላወራም። እሷ በየክፍሉ ዞራ ነበር።

እመጣበታለሁ ያልኩት ጥያቄ የተነሳው ያኔ ነው። «እኛስ ከንቲባ መቼ ነው የምንመርጠው?» በአዲስ አበባ ቻርተር መሠረት ነዋሪው የሚመርጠው የከተማውን ምክር ቤት ነው፤ 138 ወንበር አለው። ከንቲባውን የሚሰይመው ምክር ቤቱ ነው። የቱ ይሻላል በሚል ሁለት ዓርብ ተከራከርን። የፓርቲ ስም አልተነሳም። እኔ ግን ሁለቱንም ዓርብ በሩን ዘግቼ ነው ያስተማርኩት።

የቀረው የተለመደ ነው። የሰንደቅ ዓላማ ቀንን አከበርን። ችግኝ ተከልን፤ ግማሹን ፍየል በላው። በጥያቄና መልስ ውድድር ሁለተኛ ወጣን። የ12ኛ ክፍሉ ልጅ የክበቡ ቆጣሪ ሆኖ ዓመቱን ጨረሰ፤ ጥሩ ቆጣሪ ነው።

ከ24ቱ የመራጭ ካርዶች 22ቱ ተመልሰዋል። የብሮንክሷ ነርስና የስታተን አይላንዱ ጡረተኛ ፖሊስ እስካሁን አልተገኙም። ቤታችሁ ካሉ እባካችሁ ቢሮዬ አድርሱልኝ።