ታላቅ ልጅስ?

ለአዘጋጁ፦

ስለ ወጣቶች ሕልም ያወጣችሁት ጽሑፍ ቤት የሚያስተዳድረውን ታላቅ ልጅ ረስቶታል።

አባቴ ሲያርፍ 12ኛ ክፍል ነበርኩ። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ለመማር እቋምጥ ነበር። ግን የቤት ኪራይ፣ የእናቴ የስኳር መድኃኒት፣ የሦስት ታናናሾቼ ደብተር ነበረ። ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆንኩ፤ ዛሬ ሹፌር ነኝ። ሜክሲኮ ተራ ስጠብቅ ደብተሬን መሪው ላይ አስደግፌ የተሳፋሪ ፊት በእርሳስ እሥላለሁ።

ቤተሰቤን በመርዳቴ አልቆጭም። እናቴ «አንተስ ልጄ?» ስትለኝ ግን መልስ አጣለሁ። እባካችሁ፣ ሸክሙ እስከ መቼ እንደሆነ በየቤታችሁ ተነጋገሩ። እኛ ቡና ላይ ተነጋገርን። ሥራ የያዘችው እህቴ ከመስከረም ጀምሮ ኪራዩን ትከፍላለች። እኔም ለመግቢያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ