የውሃ ቱቦ ቤንዚን አይችልም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ። ሟቹ ባለቤቴ የተወልኝ አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ አለችኝ።

ባለፈው ወር ከሞጆ ስመለስ ቤንዚን ሸተተኝ። አሮጌ መኪና መሽተቷ አይቀርም ብዬ ዝም አልኩ። ቤት ደርሼ ኮፈኑን ስከፍት፣ ከፓምፑ ቤንዚንን ከአየር ጋር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር የሚሄደው ጎማ ተሰነጣጥቆ ቤንዚኑ ጠብ ጠብ ይላል። ያውም በጋለ ሞተር ላይ! ጉልበቴ ከዳኝ።

ጎማው ከተቀየረ አራት ወሩ ነው። ለካ ያኔ የተገጠመልኝ ተራ የውሃ ቱቦ ኖሯል። ቤንዚን እንዲህ ያለውን ቱቦ ያሳብጠዋል፣ ያደርቀዋል፣ በመጨረሻም ይሰነጥቀዋል። የአዳማን ሙቀት ጨምሩበት።

ሳላስነሳት አስጎትቼ ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ልጅ እግር ነው፤ ግን ጥንቁቅ። መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈታ። አዲሱ ጎማ ላይ የታተመውን «30አር7» የሚል ጽሑፍ አሳየኝ፤ ለካርቡራተር የሚሆን የነዳጅ ጎማ ነው። «በካርቡራተር ፈንታ ቤንዚኑን የሚረጭ ኢንጀክሽን ያላት ብትሆን ግፊቱ ብዙ ስለሆነ 30አር9 ነበር የምገጥምልሽ፣ እማማ» አለኝ። ማሰሪያዎቹንም በአዲስ ለወጠ፤ በሽቦ ጠምዝዞ አላለፈም። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ መጋጠሚያዎቹን በእጅ ባትሪ እያበራ አንድ በአንድ አየ።

የመለዋወጫ ነጋዴዎች፣ እባካችሁ ጎማ በሜትር ስትቆርጡ ጽሑፉን ለገዢው አሳዩት። አዘጋጁም ስለ መኪና ስትጽፉ የእኛን አሮጊት መኪኖች አትርሷቸው።

ከጡረተኛዋ መምህርት፣ አዳማ