አጥር ሥር የተለቀቀ ጭስ ወጣ አይባልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በቤታቸው እንጨትና ፕላስቲክ በጨረር የሚቆርጥ ሌዘር ማሽን አስገብተው የሰርግ ጥሪ ካርድ፣ የቁልፍ መያዣና የምረቃ ስጦታ ስለሚሠሩ ወጣቶች ያወጣችሁትን አንብቤ ደስ ብሎኛል። ጎበዞች ናቸው። ጽሑፉ ግን አንድ ነገር በአንድ መስመር ዘሎታል፤ «ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ ያስወጣሉ» ይላል። እኔ እዚህ አዳማ አሽንዳና ጭስ ማውጫ የምሠራ ሰው ነኝ። ስለዚህች አንዲት መስመር ትንሽ ላውራ።

ወደ ውጭ ማለት ወዴት ነው? እኛ ሰፈር ግቢና ግቢ የሚለየው በአንድ አጥር ነው። የአንዱ መስኮት ከሌላው ማድቤት ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። ከጀርባችን ካለው ግቢ ሰርቪስ ቤት የተከራየ ልጅ አለ፤ ትሁት ነው፣ ሰላምታ አያጎድልም። ማሽኑን የገዛ ሰሞን ቱቦውን በመስኮት አውጥቶ አጥሩ ሥር ለቀቀው። ከአጥሩ ወዲህ የእኛ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ኮምፔርሳቶ የቆረጠ ቀን አንሶላው የተቃጠለ እንጨት ይሸታል። አክሪሊክ የሚባለውን መስታወት መሳይ ፕላስቲክ የቆረጠ ቀን ደግሞ ልጄ ከውጭ ገብታ «አባዬ፣ ጥፍር ቤት ከፈትክ እንዴ?» አለችኝ። ብዙም አልተሳሳተችም። አክሪሊክ በሌዘር ሲቆረጥ የሚለቀው ሜቲል ሜታክሪሌት የሚባል ትነት ነው፤ ከጥፍር ሠሪዎቹ ፈሳሽ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ዓይንና ጉሮሮ ይከነክናል። ኤምዲኤፍ የሚባለው ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳም ቢሆን ንጹሕ እንጨት አይምሰላችሁ። የተጣበቀበት ሙጫ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጎጂ ኬሚካል አለበት፤ ሲቃጠል አብሮ ይወጣል።

ልጁን አነጋገርኩት። «ጋሼ፣ ነፋሱ ይወስደዋል» አለኝ። አዳማ ላይ ነፋስ አይጠፋም፣ እውነት ነው። ባይነፍስማ ኖሮ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ባልተተከሉልን ነበር። ችግሩ፣ ነፋስ የወሰደውን መመለስም ያውቅበታል። በግድግዳና በአጥር መሃል የገባ ነፋስ እዚያው ይሽከረከራል። በአጥር ቁመት የተለቀቀ ጭስ ወይ የጎረቤት ቤት ይገባል፣ ወይ ተመልሶ የባለቤቱን መስኮት ያንኳኳል። ልጁ ራሱን ሲያመው የሚውለው በሌላ እንዳይመስላችሁ።

ስለዚህ ቱቦው ከጣሪያ በላይ መውጣት አለበት። እኔ ከጣሪያው ጫፍ በላይ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ሳይወጣ አልሠራም። በዚህ ከተማ ነፋስ ደግሞ በሦስት በኩል በሽቦ ካልተወጠረ ያድራል ማለት ዘበት ነው።

ደንበኛ ሁሉ ጫፉ ላይ ቆብ ይጠይቀኛል፤ ዝናብ እንዳይገባ። ቆብ ዝናቡን ይከለክላል፣ ጭሱን ግን ገጭቶ ወደ ታች ይመልሰዋል። ታዲያ ቱቦው ምን ሊያደርግ እዚያ ድረስ ወጣ? እኔ የማለብሰው እጅጌ ነው። ከዋናው ቱቦ በአንድ ኢንች የሚሰፋ ሌላ ቱቦ ከላይ ይቀጠላል፤ ታችኛው ጫፉ ዋናውን አልፎ ትንሽ ይወርዳል፤ በመሃላቸው ዙሪያውን ክፍተት ይቀራል። ጭሱ ምንም ሳያግደው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወረወራል። በጎን የሚመጣው ዝናብ የእጅጌውን ግድግዳ ይዞ በክፍተቱ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ጭሱን የሚገፋው ፋን ቆሞ ሳለ ለሚገባው ጠብታ ታችኛው ኤልቦ (የቱቦው መታጠፊያ) ላይ አንዲት ቀዳዳ ትበቃለች። ይህን ሥራ እወደዋለሁ፤ ስለ እሱ ከጀመርኩ ባለቤቴም ታዝበኛለች።

ሁለተኛው ፋኑ ነው። ብዙዎቹ ማሽኑ ጀርባ ላይ ይለጥፉታል። ያኔ ቱቦው በሙሉ በግፊት ይሞላል፤ በየመገጣጠሚያው ያለው ስንጥቅ ሁሉ ጭሱን ክፍሉ ውስጥ ይተፋል። ፋኑ መቀመጥ ያለበት በውጭው ጫፍ ነው። ከዚያ ሆኖ ሲስብ፣ ስንጥቅ ቢኖርም የክፍሉ አየር ወደ ቱቦው ይገባል እንጂ ጭሱ ወደ ክፍሉ አይወጣም። መፈተኑ ቀላል ነው። ማሽኑ ሳይቆርጥ ፋኑን ብቻ አስነሱና አንድ ሰንደል ለኩሳችሁ በየመገጣጠሚያው አስጠጉ። ጭሷ ወደ ስንጥቁ ከተሳበች ጥሩ ነው። ወደ ፊታችሁ ከመጣች ፋኑ ያለቦታው ገብቷል።

ከክፍሉ የወጣ አየር ደግሞ ምትክ ይፈልጋል። በርና መስኮት ዘግቶ ፋን ማስነሳት ፋኑን ማድከም ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በሚቀጥለው ክፍል ለቡና ከሰል ተያይዞ ከሆነ፣ ፋኑ ምትክ አየር የሚስበው ከዚያ ሊሆን ይችላል። የከሰሉን ጋዝ እየሳባችሁ ሥራ ላይ ትቀመጣላችሁ። መስኮት ከፈት አድርጉ፤ ከሰሉም ውጭ ይያያዝ።

ቱቦውስ? ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ፕላስቲክ የሚገጥሙ አይቻለሁ። ውስጡ እሳት ቢነሳ ይቀልጣል፣ መርዛማ ጭስም ይለቃል። ላሜራ ይሁን፤ የአፉ ዲያሜትርም 6 ኢንች ቢሆን ይመረጣል፣ ጭሱ የሚያልፍበት ቦታ ከ4 ኢንቹ ከእጥፍ በላይ ይሰፋልና። ኤልቦ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። የተጨማደደው ተጣጣፊ ቱቦ ከማሽኑ ጋር ለማገናኘት ያህል አንድ ክንድ ብትሆን ግድ የለም። በየጊዜውም ተፈቶ ይጠረግ። ኤምዲኤፍ የሚቆረጥበትን ቱቦ ስፈታ ውስጡ ቡናማ ሙጫ ለብሶ ጣት ይይዛል። ያ ሙጫ እሳት ይወዳል። ማጣሪያ ገዝተው ጭሱን እዚያው ክፍል የሚመልሱም አሉ። ከሰል ያለው ማጣሪያ ሽታ ይይዛል፤ ሲሞላ ግን መልኩ አይለወጥም፣ ዝም ብሎ ማሳለፍ ይጀምራል።

አንድ ደንበኛ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ላሜራው ቶሎ ዝጎ ተበሳ ብሎ ሊጣላኝ መጣ። ሄጄ አየሁት። ውስጡ ነጭ ዱቄት አውጥቷል፣ ብሎኑ ሁሉ ተበልቷል። «ፒቪሲ ትቆርጣለህ አይደል?» አልኩት። ዝም አለ። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ፣ ቦርዱም ሆነ እሱ ያለበት ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ በሌዘር ሲቆረጥ ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል። ላሜራውን የበላ ነገር ሳንባን አይምርም። ማሽኑንም ይጨርሳል። ለፒቪሲ የትኛውም ቱቦ መፍትሔ አይሆንም፤ በመጋዝ ይቆረጥ።

የሕጉን ነገር የነገረኝ ጠበቃ ደንበኛዬ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለይዞታ ከመልካም ጉርብትና ባለፈ ጭስ፣ ጥላሸትና መጥፎ ሽታ ወደ ጎረቤት እንዳይሰድ ይከለክላል። የአካባቢው ልማድም ይታያል ይላል። ደስ ያለኝ ይሄኛው ነው። የእንጀራ ምጣድ ጭስ፣ የቡና ዕጣን ልማዳችን ነው፤ ማንም አይከሰስበትም። የአክሪሊክ ትነት ግን ልማድ ሊሆንብን አይገባም። እኔ ልጁን ፍርድ ቤት ልገትረው አልፈልግም፤ እንጀራው ነው።

አሁን የቀረን አከራዩ ናቸው። ቱቦውን እኔ በላሜራው ዋጋ ልሠራለት ተስማምተናል። እሳቸው ግን «ጣሪያዬ አይበሳም፣ ክረምት ያፈሳል» ብለው እንቢ አሉ። ልክ ናቸው፣ ቤቱ የእሳቸው ነው። ግን ጣሪያ መብሳት አያስፈልግም። ከመስኮቱ አንዱን መስታወት አውጥቶ ቦታውን በላሜራ መድፈን፣ ላሜራውን ቱቦው በሚያልፍበት ልክ መክፈት፣ ከዚያ ቱቦውን ውጭ ግድግዳው ላይ በክላምፕ ይዞ ከጣሪያ በላይ ማውጣት ነው። ልጁ ቤቱን ሲለቅ ቱቦው አብሮት ይሄዳል፣ መስታወቱ ቦታው ይመለሳል። ይህን ጋዜጣ እሳቸውም ያነባሉና ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ሥራ ፍለጋ ነው እንዳትሉኝ፤ ማንኛውም አሽንዳ ሠሪ ይሠራዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አሽንዳ ሠሪ፣ ከአዳማ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ እጅ ይገኛል)