640 ሜትር የአደን ርቀት አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

አንድ የውጭ አገር አዳኝ በባሌ ደጋ የደጋ አጋዘን በ640 ሜትር ርቀት መትቶ ስለ መጣሉ ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ስለ ጠመንጃው፣ ስለ መነጽሩና ስለ ርቀት መለኪያው በሰፊው ሲተርኩ፣ ስለ እንስሳው ግን የቀንዱን ርዝመት ብቻ ነግረውን አልፈዋል። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ርቀቱን የጀግንነት ማስረጃ አድርገው ማቅረባቸው ነው። እኔ በአርሲና በባሌ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ውስጥ ለ19 ዓመታት ዱካ ፈላጊ፣ በኋላም የአዳኞች መሪ ሆኜ ያገለገልኩ ሰው ስለሆንኩ፣ አንባቢ ይህን ርቀት እንደ ተለመደ ነገር ወስዶት እንዳይቀር ጥቂት ልጽፍ ወደድኩ።

ትልልቅ የዱር እንስሳት የሚታደኑበትን ርቀት የሚወስነው በመጀመሪያ መሬቱ ነው። በቆላ ጥሻ ውስጥ ጎሽ የሚያድን ሰው ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 80 ሜትር ባለው ርቀት ላይ ይተኩሳል፤ ከዚያ ከራቀ ቅጠሉና ጭራሮው ይጋርዱታል፣ ቆስሎ ጥሻ የገባ ጎሽ ደግሞ ዱካውን የሚከተለውን ሰው ዞሮ አድፍጦ ስለሚጠብቅ ማንም አስተዋይ አዳኝ የመጀመሪያውን ጥይት በዘፈቀደ አይሰድም። ገላጣ በሆነው ቆላ ሳላ የሚባለው ቀንደ ረጅም የዱር እንስሳ ሲታደን ርቀቱ ወደ 200 ሜትር ይጠጋል፣ አልፎ አልፎም ያልፋል። የደጋ አጋዘን ነገር ከሁለቱም ይለያል። ማለዳና ወደ ማታ አስታ ከሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ወጥቶ ገላጣው ሣር ላይ ይግጣል፤ ፀሐይ ስትጠነክር ተመልሶ ይገባና ከ30 ሜትር ላይ እንኳ የማይታይ ይሆናል። በእኔ ዘመን በዓይኔ ካየኋቸው ተኩሶች የሚበዙት ከ120 እስከ 250 ሜትር ባለው ውስጥ የተተኮሱ ናቸው፤ 300 ሜትር የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ አምጃ በሚባለው የደጋ ዛፍ መካከል ድንገት ተፋጠን በ50 ሜትር የተተኮሰም አለ።

ጸሐፊው ዘመናዊ መሣሪያ ይህን ሁሉ ለውጦታል ይላሉ። አያቴ ውጅግራ ነበራቸው። ውጅግራ የምንለው በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳዮቹ የግራ ጠመንጃ ጥይቱን በሰከንድ ወደ 450 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ሲተፋ፣ ዛሬ ብዙ እንግዶች ይዘውት የሚመጡት ባለ .300 ዊንቸስተር ማግነም ጥይት ጠመንጃ እጥፉን፣ ማለትም ወደ 900 ሜትር ያህል ይወረውራል። ልዩነቱ ትልቅ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ጥይቱ ቢፈጥንም የአጋዘኑ ልብና ሳንባ የሚገኙበት ቦታ በአያቴ ዘመን ከነበረው አልሰፋም፤ ከፊት እግሩ በስተኋላ፣ በደረቱ ውስጥ ዝቅ ብሎ፣ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው። ከዚያ ክብ ውጭ ያረፈ ጥይት እንስሳውን ይጎዳዋል እንጂ ወዲያው አይጥለውም።

አሁን ይህን ክብ ከጥይቱ ጉዞ ጋር እናስተያየው። ጠመንጃው በ200 ሜትር ላይ ዒላማውን በትክክል እንዲመታ ተስተካክሎ ከሆነ፣ የጠቀስኩት ዓይነት ጥይት በ300 ሜትር ላይ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር፣ በ400 ሜትር ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ፣ በ500 ሜትር ላይ ደግሞ አንድ ሜትር ያህል ይወርዳል። መውረዱን በሠንጠረዥና በርቀት መለኪያ ማስላት ይቻላል፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ሆኖም በጥይቱ ሣጥን ላይ የሚታተመው ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ የተሰላው በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ አየር ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጥይቱ የሚወርደው ሠንጠረዡ ከሚለው ባነሰ ነው። ተዳፋት ላይ ሲተኮስም የሚቆጠረው የዓይን ርቀት ሳይሆን አግድም ያለው ርቀት ነው፤ በ30 ዲግሪ ቁልቁለት 400 ሜትር ያሳየ መለኪያ ለጥይቱ 346 ሜትር ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በእንስሳው ጀርባ ላይ አሳልፎ ይተኩሳል፤ እንዲህ ያለውንም አይቻለሁ።

ማንም በአስተማማኝ ሁኔታ ሊያሰላው የማይችለው ነፋሱን ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ያንኑ ጥይት በ200 ሜትር ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይገፋዋል፤ በ400 ሜትር ላይ ግን ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ይገፋዋል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስህተቱ አራት እጥፍ መሆኑን ልብ ይሏል። በባሌ ሸለቆዎች ደግሞ ተኳሹ አጠገብ ያለው ነፋስና ከሸለቆው ማዶ ያለው ነፋስ አንድ አይደሉም። ማለዳ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይወርዳል፤ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ሽቅብ ይዞራል፤ በሚዞርበት ሰዓት አንድ ተራራ ላይ ሦስት ዓይነት ነፋስ ሊኖር ይችላል። እኛ አመድ በስስ ጨርቅ ቋጥረን እንይዝና በየጥቂቱ መታ እያደረግን ወዴት እንደሚበንን እናይ ነበር። አመዱ ግን የሚናገረው እኛ ስለቆምንበት ቦታ ብቻ ነው።

የጊዜውም ነገር አለ። ጥይቱ 400 ሜትር ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። እየጋጠ ያለ አጋዘን በግማሽ ሰከንድ ውስጥ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ሳንባው የነበረበት ቦታ ላይ ሆዱ ይመጣል። ይህ የተኳሹ ጥፋት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ምላጩን ሲስብ ሁሉ ነገር ልክ ነበርና።

በአንድ ዓመት የጥቅምት መጨረሻ ላይ የደረሰብንን ላስታውስ። እንግዳችን በሜዳ ዒላማ ላይ እጅግ የተዋጣለት ተኳሽ ነበር። ከማለዳ ጀምሮ ወጥተን ከገደሉ ጫፍ ስንደርስ፣ ከሸለቆው ማዶ አንድ ሽማግሌ ወንድ አጋዘን ብቻውን ቆሞ አየን። መለኪያው 430 ሜትር አለ። እኔ በስተግራ በኩል ባለው ገደላገደል ዞረን ወደ 200 ሜትር እንቅረብ፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው አልኩ፤ አለቃዬ የነበረው ባለሙያ አዳኝም በሐሳቤ ተስማማ። እንግዳው ግን እምቢ አለ። ጠመንጃውን በጀርባ ቦርሳው ላይ አስደግፎ ተኛ፤ ከአቀበቱ የተነሳ ልቡ ሲመታ የአፈሙዙ ጫፍ አብሮ ሲንቀጠቀጥ ከጎኑ ተኝቼ አየው ነበር። ተኮሰ። አጋዘኑ ጎበጥ ብሎ ዘለለና አስታው ውስጥ ገባ። የተመታበት ቦታ ስንደርስ ያገኘነው ደም ጥቁርና የሣር ቅንጣት የተቀላቀለበት ነበር፤ ይህን ያየ ዱካ ፈላጊ ጥይቱ ሆድ ላይ እንዳረፈ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። ያን ቀን እስኪመሽ፣ ማግስቱንም እስከ ቀትር ተከታተልነው። ስናገኘው ጅቦች ቀድመውን ነበር፤ የቀሩት ቀንዱና የአንገቱ ቆዳ ነበሩ። እንግዳው ቀንዱን ወሰደ። ከፎቶው ላይ ይህ ሁሉ አይታይም፤ ጸሐፊያችሁም ቢያገኙት ኖሮ በ430 ሜትር የተገኘ ድል ብለው ይጽፉት ነበር ብዬ እሰጋለሁ።

አደንን በሥርዓት የሚያስተዳድሩ አገሮች አዳኞቻቸውን የሚፈትኑበትን ርቀት መመልከትም ይጠቅማል። በኖርዌይ ትልልቅ እንስሳትን ማደን የሚፈልግ ሰው በየዓመቱ በ100 ሜትር ርቀት ላይ 5 ጥይት ተኩሶ አምስቱንም በተወሰነው ክብ ውስጥ ማሳረፍ አለበት። በፊንላንድ ፈተናው በ75 ሜትር ላይ ሲሆን፣ 4 ጥይቶች 23 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክብ ውስጥ መግባት አለባቸው። እነዚህ ሕዝቦች በጠመንጃ ጥራትም ሆነ በተኩስ ልምድ ከእኛ እንግዶች የሚያንሱ አይደሉም። በ1887 እ.ኤ.አ. በቴዎዶር ሩዝቬልት አነሳሽነት የተመሠረተው የአሜሪካ አዳኞች ማኅበር የሆነው የቡን እና ክሮኬት ክለብ እንኳ እንስሳው የአዳኙን መኖር ሊያውቅ ከማይችልበት ርቀት ላይ ሆኖ መሣሪያን ለመፈተን ሲባል መተኮስ ከፍትሐዊ አደን ጋር አይሄድም የሚል አቋም ይዟል።

በሌላ ወገን ላለማዳላት ያህል፣ በታጂኪስታን የፓሚር ተራሮች የማርኮ ፖሎ በግን የሚያድኑ ሰዎች ከ300 እስከ 500 ሜትር መተኮሳቸው የታወቀ ነው። እዚያ ዛፍም ቁጥቋጦም ስለሌለ መጠጋቱ ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ በጉም ከሩቅ ያያል። በባሌ ግን አስታ አለ፣ ጉም አለ፣ ገደል አለ፤ ይህ ሁሉ አዳኙን ይሸፍነዋል። መጠጋት እየተቻለ ከሩቅ የሚተኩስ ሰው የሚያሳየው የተኩስ ችሎታ ሊሆን ይችላል፤ የአደን ችሎታው ግን ሳይፈተን ቀርቷል። የደጋ አጋዘን ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉት የኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ፣ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት እንስሳት መካከል የተመዘገበ ነው። በኮታ ከሚፈቀዱት ጥቂቶች አንዱ ቆስሎ አስታ ውስጥ ሲጠፋ ጉዳቱ እንደ ሌላው እንስሳ አይደለም።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ ወደፊት ስለ አደን የሚጽፉ ዘጋቢዎቻችሁ ርቀቱን በርዕስ ላይ ከማውጣታቸው በፊት፣ አብሮ የነበረውን ዱካ ፈላጊ እንዲያነጋግሩት እጠይቃለሁ። ስንት ጥይት እንደተተኮሰ፣ እንስሳው ከተመታ በኋላ ስንት ሜትር እንደሄደና ደሙ ምን ዓይነት እንደነበረ እሱ ያውቃል። በ640 ሜትሩ ተኩስ ላይም ይህ ቢጠየቅ ኖሮ፣ ጽሑፉን በደስታ አነበው ነበር።

ከአክብሮት ጋር፤
ስሜ በአዘጋጁ ዘንድ የሚታወቅ፣ የቀድሞ የአዳኞች መሪ፣
ጎባ